ወጌሻው «አልነካም» ያሉት ጀርባ

ጀርባችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ይህን ሳታነቡ ረጋጭ ቤት እንዳትሄዱ ብዬ ነው የምጽፈው። ረጋጮችን ለማማት አይደለም፤ እኔ ራሴ ረጋጭ ነበርኩ።

መንታ ወንዶች ልጆች ወለድኩና ገና አራስ ሳለሁ ጅማ የበቾ ቦሬ ሰፈር ሰው ሐኪም አድርጎ ሾመኝ። መንታ የወለደች ሴት የተቀጨ ወገብ ብትረግጥ ታድናለች ይባላል። እንዴት እንደምታድን የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ደጄ ላይ በሆዱ ተኝቶ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም ነበር። ኬሻ ተሸካሚው፣ ልብስ ሰፊው፣ አንዳንዴ ፖሊሱ ሳይቀር ይተኛል። ጫማዬን አውልቄ ሦስት ጊዜ በተረከዜ ረገጥ አደርገውና መንገዴን እቀጥላለሁ። ምርቃቱ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። አንዳንዱ እውነትም ቀጥ ብሎ ይሄድ ነበር። ያልተሻለው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም፤ ስለዚህ ሁሉም የዳነ ይመስለኝ ነበር።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። ባለቤቴ ታደሰ አናጢ ነው፤ ከሸዋ መጥተን ጅማ ከከተምን ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ለቃሚ ነበርኩ። ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተደርድረን፣ እግራችንን ዘርግተን፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ስንለይ እንውላለን። ወገቧን የማያማት ለቃሚ አልነበረችም። ስለዚህ ኅዳር ላይ፣ ቡናው በገፍ በሚገባበት ሰሞን፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ አከርካሪዬ ላይ አንድ ቦታ ማመም ሲጀምረኝ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

ግን ይሄኛው ሕመም ጠባዩ ሌላ ነበር። የሥራ ሕመም እሁድ ሲያርፉ ይተዋል፤ ይሄ እሁድን አያውቅም። ተኝቼም ይጠዘጥዘኛል። ማታ ማታ ላብ ያጠምቀኛል፣ እህል አስጠላኝ፣ ልብሴ ሁሉ ሰፋኝ። ታደሰ «ምነው ሙሌ፣ ቀሚሱ ነው ያደገው አንቺ ነሽ ያነስሽው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ሳስበው ያ ሳቅ ያናድደኛል። እናንተ ግን ልብ በሉ፤ ሲያርፉ የማይተው የጀርባ ሕመም፣ ላብና መክሳት ከታከሉበት፣ ቅጭት ነው ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም።

መጀመሪያ አንድ ድሬሰር ጋ ሄድኩ። ጀርባዬን ሳያይ «ኩላሊት ነው» አለና መርፌ ጀመረልኝ። ለጥቂት ቀን የዳንኩ መሰለኝ። ሲመለስብኝ ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እዚያ ያለው ደግሞ «ሪህ ነው፣ ከብርድ ተጠበቂ» ብሎ የሚቀባ ነገር ሰጠኝ። የታደሰ ታላቅ እህት እትዬ ዘነበች ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። መጋዘን ያሉት ሴቶች ግን ሳቁብኝ።

«አንቺ የሰው ወገብ ስትረግጪ ኖረሽ ለራስሽ አጣሽ?»

እውነታቸውን ነው አልኩ። የራሴን ጀርባ ራሴ ልረግጠው አልችልም። ሌላ መንታ የወለደች ሴት ማግኘት ነበረብኝ። ስሟ የገነነው ደግሞ አሰንዳቦ ነው ያለችው፤ ሁለት ጊዜ መንታ ወልዳለች እየተባለ በመንገዱ ሁሉ ይወራላታል። ወደ አዲስ አበባ ቡና በሚያመላልስ መኪና ጋቢና ተሳፍሬ ሄድኩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ጀርባዬን ይወጋኝ ነበር፣ ግን ልድን ነው ብዬ ቻልኩት።

«አንቺም ረጋጭ ነሽ አሉ» አለችኝ ሴትየዋ ደጇ ላይ ምንጣፍ እያነጠፈች። «እንግዲህ ታውቂዋለሽ፤ እንዳትንጫጪብኝ።»

ሙያዬን ላላሳፍር ጥርሴን ነክሼ ተኛሁ። ወፍራም ሴት ነበረች። ሦስተኛው ርግጫ ላይ ጀርባዬ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። እሷም በእግሯ ሳይሰማት አልቀረም፣ «ገባ!» ብላ እልል አለች። እኔም የገባ መስሎኝ እጇን ሳምኩ። እሷን አልወቅስም። እኔ ብሆንም እልል ነበር የምለው።

ከዚያ ወዲያ እግሮቼ ይነዝሩኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን ከመጋዘን ስወጣ አንዲት ለቃሚ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ሙሉ፣ ጫማሽ!»

ዞር ብዬ ሳይ የግራ ጫማዬ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቷል። በባዶ እግሬ ጠጠር ላይ ስሄድ አልታወቀኝም ነበር። እሷ ሳቀች፤ እኔም ለሰው ይምሰል ሳቅሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከአልጋ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝና ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። መንታዎቹ ጨዋታ መስሏቸው እላዬ ላይ ወጡ። ያኔ አራት ዓመታቸው ነበር። «ውረዱ» ብዬ ስጮህ ታደሰ ከግቢ እየሮጠ ገባ።

በጋሪ አስጭኖ ሆስፒታል ወሰደኝ። የመጠበቂያው አግዳሚ ሞልቶ ስለነበር ሲሚንቶው ላይ ተኛሁ። ሰው እየተጠራ ይገባል፣ ሌላው ይመጣል፣ የኔ ተራ አይደርስም። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አጥፋ ከራሴ ሥር ከተተችልኝ። ተራዋ ደርሶ ስትገባ አልወሰደችውም፤ ስትወጣም እንደተኛሁ አይታ ትታልኝ ሄደች። ብርድ ነበር፣ ጧት ነው። እስከ ዛሬ እመርቃታለሁ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር። ሲስተር ጽጌ የምትባል ነርስ ታስተረጉምለታለች።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አለችኝ። «እግርሽን በመርፌ ጫፍ ነካ ሲያደርግሽ ንገሪው።»

ጨፍኜ ጠበቅሁ። አሁንም ጠበቅሁ። «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብዬ ጠየቅሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሁለቱም እግሮቼ ላይ ጥቃቅን የደም ነጥቦች አየሁ። ጨርሶ ነበር።

ከዚያ አከርካሪዬን በጣቱ አንድ በአንድ መታ መታ እያደረገ ወረደ። አንዱ ላይ ሲደርስ ጮህኩ። ካርዴ ላይ የሆነ ነገር ጻፈና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ጀርባሽን የጎተተሽ ወይም የተጫነሽ ሰው አለ ወይ ይላል» አለች ሲስተር ጽጌ።

«የለም» አልኩ።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገራችሁ። አፈርኩ። የሰው ወገብ ስረግጥ የኖርኩ ሴት፣ ነጭ በለበሱ ሰዎች ፊት፣ ተረግጬ ነው እዚህ የደረስኩት ማለት ሞት ሆነብኝ። ታደሰ አጠገቤ ቆሟል፤ አሰንዳቦ መሄዴን ያውቃል። እሱም አላጋለጠኝም። ሐኪም ፊት ማፈር ምን እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ አላወቅንም።

የራጅ ፊልም አልቆ ስለነበር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። እስከዚያ አስተኙኝ። እንዳልቀመጥ፣ ብቻዬን እንዳልገላበጥ ታዘዝኩ። የአልጋው ሽቦ ስለሚረግብ ሐኪሙ ከፍራሹ ሥር ጣውላ ይግባ አለ። ታደሰ በዚያው ቀን ለሰው ወንበር ሊሠራበት ያስቀመጠውን የዋንዛ ሳንቃ ልጎ፣ ጠርዙን አለስልሶ አመጣልኝ። ሳንቃው ለአልጋው ልክ ነበር።

አምስት ቀን አለፈ፣ ስድስት፣ ሰባት። ፊልሙ የለም። ሲስተር ጽጌ በየጧቱ የእግሬን አውራ ጣት እንዳንቀሳቅስ ታዘኛለች። አንድ ቀን «እያንቀሳቀስኩት ነው እኮ!» አልኳት። እሷ ጣቴን እያየች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና አንሶላውን መልሳ አለበሰችኝ። ጣቴ ፍንክች አላለም። ከዚያ በኋላ ሽንቴ መምጣቱንም ማወቅ አቃተኝ። ከሁሉም ሌሊቱ ይከፋ ነበር፤ ከወገቤ በታች ያለው የኔ ይሁን የሌላ ሰው ሳላውቅ በእጄ እየዳሰስኩ እፈልገዋለሁ። ሠላሳ ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። ሁለት ልጆች አሉኝ። ልጆቼን ተሸክሜ ሳልጠግብ እኔ ተሸካሚ ላስፈልገኝ ነው እያልኩ አለቅስ ነበር።

እትዬ ዘነበች አልጋዬ አጠገብ ታደሰን ያዙት።

«አስተኝተው ሊገድሏት ነው! አጥንት የወለቀበት ሰው በመተኛት ድኖ ያውቃል? አንተ ወንድ አይደለህም? ሚስትህን አውጣት!»

«ፊልሙ ይምጣና፣ እትዬ...»

«ፊልም! ሲኒማ ሊያሳዩህ ነው? ካላወጣሃት ወጌሻውን እኔ አስገባዋለሁ።»

እኔም ደገፍኳቸው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሰዓት ሰይጣንም እስብሻለሁ ቢለኝ ጀርባዬን እሰጠው ነበር።

ወጌሻው አባ ዲኮ ከጅማ ወጣ ብላ ያለችው የሰቃ ሰው ናቸው። ከዛፍ የወደቀ፣ በቅሎ የጣለው፣ ኬሻ የተጫነው፣ ሁሉም ወደሳቸው ነው የሚወሰደው። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ ጅማ ይመጣሉ። እትዬ ዘነበች በጠያቂ ሰዓት ለዘበኛው «አጎቷ ናቸው» ብለው አስገቧቸው፤ በጥምጥምና በመቁጠሪያ የሚሄድ አጎት ከየት እንዳመጣሁ ዘበኛው አልጠየቀም። ለማሻ የሚሆነውን የቅቤ ቆርቆሮ እትዬ ዘነበች በነጠላቸው ሸሽገው ያዙ። መጋረጃው ተሳበ።

«አባ፣ ሳቡኝ» አልኳቸው ገና ሳይቀመጡ። «እግሬ እየሞተ ነው። አሁኑኑ ሳቡኝ።»

«ቀስ፣ ኢንተላ ኮ፣ ቀስ ልጄ» አሉ። «መጀመሪያ እጄ ይስማ።»

ታደሰና እትዬ ዘነበች ከነአንሶላው በጎኔ አዞሩኝ። አባ ዲኮ «ቢስሚላህ» ብለው ከማጅራቴ ጀምረው ወረዱ። ጣቶቻቸው ደረቅና ቀላል ነበሩ። እኔ መጎተቱን እየጠበቅሁ የአልጋውን ብረት ጨብጫለሁ። የታመመው ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። አልተጫኑም። መዳፋቸውን አሳርፈው ቆዩ፣ አነሱት፣ በሌላው እጃቸው ደገሙት። ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይቺን ማነው የረገጣት?» አሉ።

ማንም አልነገራቸውም ነበር። እትዬ ዘነበች መሬት መሬት አዩ።

«አሰንዳቦ» አልኩ በመጨረሻ። «መንታ የወለደች ሴት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኩን ሚቲ። ይሄ የወለቀ አይደለም። የወለቀ አጥንት ጠንካራ ነው፣ እጄን ይገፋኛል። ይሄ ይሞቃል፣ ለስልሷልም። ምስጥ የበላው ምሰሶ ነው። እኔ ብስበው ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ወላሂ፣ መቼም አትቆሚም። ሂን ቱቁ። አልነካም።»

ያን ጊዜ የሰደብኳቸውን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። «እርስዎም ፈሩ! ስምዎ በከንቱ ነው የሚወራው!» ያልኩትን ግን አስታውሳለሁ።

«አዎ፣ ፈራሁ» አሉኝ። «አንቺም ፍሪ።»

መጋረጃው ተከፈተና ሲስተር ጽጌ ቆማለች። አባ ዲኮን አየች፣ የቅቤ ቆርቆሮውን አየች፣ በጎኔ መተኛቴን አየች።

«ምን እያደረጋችሁ ነው! አትነቅነቅ የተባለችን ሰው!»

ድምፅዋን ሰምቶ ሐኪሙ መጣ። ፊቱ ቀላ። በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ፤ ትርጉም አላስፈለገውም፣ ዘበኛው የአባ ዲኮን ክንድ ያዘ። የሰደብኳቸው ሰውዬ እንደ ሌባ ሲጎተቱ አየሁ።

«አልነኩኝም!» ብዬ ጮህኩ። «እምቢ ነው ያሉት! ለምኛቸው እምቢ ነው ያሉኝ!»

ሲስተር ጽጌ አስተረጎመችለት። ሐኪሙ እጁን አነሳና ዘበኛው ቆመ።

«ለምን እምቢ አሉ ይልዎታል» አለቻቸው።

«ቦታውን ላሳየው።»

ሐኪሙ ጠጋ አለ። አባ ዲኮ ጣታቸውን ቆዳዬ ሳይነካ፣ ከላዩ ላይ፣ አንዱ አጥንት ጋ አቆሙት። ሐኪሙ ጣታቸውን አየ። ከዚያ ካርዴን ከአልጋው ግርጌ አነሳና ገልጦ አሳያቸው። የአከርካሪ ሥዕል ነበረበት፤ በመጣሁ ቀን በቀለም ምልክት ያደረገበት አጥንት አባ ዲኮ ያሳዩት ራሱ ነበር።

«ሌላም አለ» አሉ አባ ዲኮ። «ተረግጣለች በይው።»

ሲስተር ጽጌ ወደኔ ዞረች። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሐኪሙ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

«ይህን በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ፊልም ሳልጠብቅ በጀሶ አስርሽ ነበር ይላል» አለች ሲስተር ጽጌ፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ያን ቀን ማታውኑ ጀሶ ውስጥ አስገቡኝ። ፊልሙ ከሁለት ቀን በኋላ መጣና ራጅ ተነሳሁ። አንዱ አጥንቴ ተበልቶ ተደርምሷል። የአከርካሪ ነቀርሳ ነው አሉኝ። ሳንባ የሚይዘው ያው በሽታ አጥንት ውስጥ ሲገባ ማለት ነው፤ መግሉና የተደረመሰው አጥንት በጀርባ ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ ይጫነዋል፣ እግርን የሚያዝዘውም እሱ ነው። ታደሰ «ትሄድ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ «አላውቅም» አለ። ጠላሁት። በኋላ ግን ያልዋሸኝ እሱ ብቻ እንደነበረ ገባኝ።

ጀሶው ከአንገቴ እስከ ዳሌዬ የሚደርስ ገበታ ነው፤ እዚያ ውስጥ ተጋድሜ ወራት ኖርኩ። በየቀኑ መርፌ፣ በየቀኑ ኪኒን። መርፌው ያልወጋው ቦታ አልቀረኝም። ታደሰ ምን ምን እንደሸጠ አልዘረዝርም፣ እሱም አይወድም። አንዳንድ ቀን ተቆጥቶ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይቀራል። ልጆቼ እትዬ ዘነበች ጋ ናቸው። አንድ እሁድ ሲያመጧቸው ትንሹ እትዬ ዘነበችን «እማዬ» ሲላቸው ሰማሁ። እሳቸውም ደነገጡ፣ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ መለስኩ። ከመርፌው ሁሉ በላይ ያ አመመኝ።

በዚህ መሃል ሐኪሙ አባ ዲኮን በሚቀጥለው ሐሙስ ተመልሰው እንዲመጡ አስጠየቃቸው። ሌሎቹ ሠራተኞች አጉረመረሙ፤ ሆስፒታል ውስጥ ወጌሻ ምን ሊሠራ ነው፣ ነገ ደግሞ ጠንቋይ ይመጣ ይሆናል ተባለ። ሁለቱ ግን በሲስተር ጽጌ አፍ ተዋዋሉ። አባ ዲኮ ሐኪሙ አስቀድሞ ያላየውን ሰው አይነኩም፤ አንገት አይጎትቱም፤ የከሳ፣ የሚያተኩሰው፣ እግሩ የደነዘዘ ሰው ጨርሶ አይነኩም። እሳቸውም በበኩላቸው እጃቸው «እምቢ» ካላቸው ሐኪሙ አዘዘ ተብሎ እንዳይገደዱ ጠየቁ። ነጭ ጋዋን ልበሱ ሲባሉ «ከፈኔ ገና ነው» ብለው ሳቁ። በሽተኞች የሚተኙበትን ጠረጴዛ የሠራው ታደሰ ነው። ሐኪሙ ረጅም፣ አባ ዲኮ አጭር ስለሆኑ በማን ልክ ይሠራ የሚለው ብዙ አከራከረ፤ በመጨረሻ በአባ ዲኮ ልክ ተሠራ፣ ሐኪሙም ጎንበስ ማለት ለመደ።

ሁለት ሐሙስ ማንም አልመጣም። ሰዉ ሆስፒታል የሚሞቱበት ቦታ ይመስለው ነበር። በሦስተኛው ደግሞ የድሮ ደንበኛዬ ኬሻ ተሸካሚው ሊጠይቀኝ መጣ።

«ሙሉ፣ መቼ ነው የምትወጪው? ወገቤ ጠበቀሽ እኮ!»

«እኔ እግሬ የት እንዳለ አላውቅም፣ አንተ እርገጪኝ ትላለህ!» ብዬ ጮህኩበት። «ውረድና ሐኪሙ ይይህ። ደህና ነው ካለህ አባ ዲኮ እዚያው አሉልህ። ደጄ ላይ ተኝተህ እንዳላይህ!»

ፈርቶ ሄደ። የእሱ ግን ቅጭት ብቻ ነበር፤ አባ ዲኮ አሽተው፣ አስተካክለው፣ ኬሻ እንዴት እንደሚነሳ አሳይተው ሰደዱት። በሳምንቱ አራት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የሰልፉን ጫጫታ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማው ነበር። ሐኪሙ ወደ አባ ዲኮ የሚልካቸው አሉ፣ አባ ዲኮም «ይሄ የኔ አይደለም» ብለው ወደ ሐኪሙ የሚመልሷቸው አሉ። ታደሰንም ረግጫቸው ወደማስታውሳቸው ሰዎች ቤት ሁሉ፣ መጥተው ይታዩ ብሎ እንዲነግር ላክሁት። እየሳለች ጀርባዋን ያማት የነበረች አንዲት ለቃሚ ተይዛ መጣች፤ ነቀርሳው ገና አጥንት አልበላም ነበር። የቀሩትን ግን እግዜር ይወቅ። ስንቱን ረግጬ ይሆን እያልኩ ዛሬም እጨነቃለሁ።

በአምስተኛው ወር ሲስተር ጽጌ እግሬን ስታጥብ «ውኃው ቀዘቀዘ» አልኳት።

እጇ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ውኃው ይቀዘቅዛል።»

ጨርቁን ጣለችና በሩጫ ወጣች። ሐኪሙ መጣ፣ ዓይኔን አስጨፈነኝ፣ መርፌውን ያዘ። «አሁን» አልኩ። «አሁን። አሁን።» ሲስተር ጽጌ ማስተርጎሙን ትታ ታለቅስ ነበር።

ዛሬ ጀርባዬ ላይ ትንሽ ጉብታ አለ። ባልዲ አላነሳም። ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጥኩት፤ ሲሻላችሁ እንዳታቋርጡ። ሁሉም ወጌሻ አባ ዲኮ አይደለም፣ ሁሉም ነጭ ጋዋን የለበሰም ያ ሐኪም አይደለም። ጀርባችሁን የሚነካው ሰው «አልነካም» ማለት የሚችል መሆኑን እዩ። እናንተም የሆናችሁትን ሳታፍሩ ንገሩት።

የቆምኩበትን ቀን ልንገራችሁና ላብቃ። ከስምንት ወር በላይ ሆኖኛል፣ ጀሶው ወልቆ የቆዳ መቀነት ታስሮልኛል። አባ ዲኮ በሐኪሙ ፈቃድ፣ ከዳሌዬ በታች ብቻ፣ ቁርጭምጭሚቴንና ጉልበቴን ለሳምንታት ሲያሹኝ ቆይተዋል። ሐሙስ ነበር። ሁለቱ ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘው ከአልጋው ጠርዝ አነሱኝ። እግሬ ወለሉን ነካ። ከዚያ ክርክር ተነሳ።

«ለዛሬ ይበቃታል፣ በክራንች ይሁን ይላል» አለች ሲስተር ጽጌ።

«ጉልበቷ ዛሬ ይሸከማታል በይው» አሉ አባ ዲኮ። «ክራንች ከለመደች አትተወውም።»

«ከወደቀች አጥንቱ ይከፈታል ይላል።»

«እኔ ይዣታለሁ።»

«እሱም ይዟታል።»

አንዱ ወደ አልጋው ይስበኛል፣ አንዱ ወደ ፊት። ታደሰ ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔ ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሲያገላብጠኝ፣ ሲያጥበኝ፣ ሲከራከርብኝ ኖሬያለሁ።

«ልቀቁኝ!» አልኩ።

ሲስተር ጽጌ አላስተረጎመችም። አባ ዲኮ ግን አዩኝና መጀመሪያ እጃቸውን ለቀቁ። ሐኪሙ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ እሱም ለቀቀ። አራት እጆች ከወገቤ ስንዝር ርቀው ቆዩ።

አንደኛው ጉልበቴ ሊከዳኝ እጥፍ አለና መለሰ። ቀኝ እግሬን አነሳሁ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዝ ነበር። ሁለተኛውን ለማንሳት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት በሽተኞች ሁሉ ያያሉ። ከዚያ የልጆቼ ድምፅ ከበሩ ተሰማ፤ ታደሰ ሳያዛቸው እርምጃዬን ይቆጥሩ ጀመር፤ መቁጠር የሚችሉት እስከ አምስት ነበር፤ አምስት ብለው ሲጨርሱ በሩ ላይ አጠገባቸው ደርሼ ነበር።